የቀራፂዋ ታሪክ ሲተላለፍ

የታሪክ መምህሩ አልጋቸው ላይ ተንጋለዋል። ትራሱ ደረታቸው ላይ ነው። መርማሪዋ በጥርሳቸው መሀል የቀረውን የትራስ ልብስ ክር በመቆንጠጫ አወጣችና ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሟቹ ታፍነው ነው የሞቱት።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ባለቤታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና የረጅም ዘመን ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው ፋርማሲስት። ምሽቱን ተሰብስበው በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልሞች ሲያዩ ነበር።

«የመጀመሪያው ስለ አሮጌው እስር ቤት ነበር» አሉ ባለቤታቸው። «እሱም በወጣትነቱ እዚያ ታስሯል። ሊያልቅ ሲል ፊቱ ልውጥ አለ። ‹ራሴን አሞኛል› ብሎ ገባ። እኔም እራት ልሠራ ተነሳሁ።»

ወንድምየው መቀመጥ አቅቶት ይንቆራጠጣል። «እኔ በረንዳ ላይ ስልክ ሳወራ ነበር። እትዬን በወጥ ቤቱ መስኮት አያት ነበር፤ እሷም ታየኛለች።»

«እርስዎስ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔማ ከዚህ ሶፋ ንቅንቅ አላልኩም» አሉ ፋርማሲስቱ። «የአንዲት የውጭ አገር ቀራፂ የሕይወት ታሪክ ቀጠለ። ያ ሽማግሌ ጓደኛዋ አሟሟቷን ሲተርክ እንባዬ መጣ።»

መርማሪዋ ፊልሞቹን ከጣቢያው አስመጣች። በማግስቱ ሦስቱን እዚያው ሳሎን ሰብስባ የቀራፂዋን ከፈተች። አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ እያለቀሱ ይናገራሉ፤ የተርጓሚው ድምፅ ግን የወንድ ነው።

«ሽማግሌ የሚባል የለም» አለች። «ሶፋው ላይ የነበረ ሰው ሴት መሆናቸውን ያያል። እርስዎ ድምፁን ብቻ ሰምተዋል፤ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል።»

ፋርማሲስቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። 

ቀጥላ የእስር ቤቱን ፊልም ከፈተችና በአንድ ፎቶግራፍ ላይ አቆመችው። ተራኪው «ገራፊዎቹ» ከሚላቸው ከተሰለፉት ጠባቂዎች የአንዱ ወጣት ግራ ቅንድብ በጠባሳ ለሁለት ተከፍሏል። የሁሉም ዓይን ወደ ፋርማሲስቱ ቅንድብ ሄደ።

«እስረኞቹ ዓይናቸው ይሸፈን ስለነበር መምህሩ የገራፊያቸውን ፊት አያውቁም ነበር። ትናንት አወቁት። በሰው ፊት ሊያዋርዱዎት አልፈለጉም፤ ተነስተው ገቡ። እርስዎም ተከተሏቸው።»

«ልለምነው ነበር የገባሁት» አሉ ፋርማሲስቱ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ልጆቼ እንዳይሰሙ። እሱ ግን ‹ተወኝ፣ ላስብበት› ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን . . . »

 የመምህሩ ባለቤት ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ላስብበት ካለ ይቅር ሊልህ ነበር» አሉ። «እኔን ስንት ጊዜ እንዲህ ብሎ ይቅር ብሎኛል።»