የእማማ አሰበች አቡጀዲ

ጸዳለ አገኘሁ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤታቸው በጎንደር ቆላ፣ ሽንፋ ነው፤ ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ቤት። አባቷ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። እናቷ ሰርካለም ትባላለች። ጸዳለ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ሁሉ ድምፅዋ ያማረ ነው። ይህንን እሷም ታውቀዋለች፤ ትንሽ አብዝታ ታውቀዋለች።

በዚያ ዓመት ከሽንፋ ወጥተው ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች አዋጥተው፣ አሥራ ሁለት ልጆች ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌምን እንዲሳለሙ አደረጉ። ጸዳለ አንዷ ሆነች። እናንተ ብትሆኑ እንቅልፍ ይወስዳችሁ ነበር? እሷንም አልወሰዳት።

መምህራቸው መምህር ደረበ ልጆቹን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሻንጣ፣ አሥር ኪሎ። ቀሪውን ኪሎ ከበሮውና የመዝሙሩ ልብስ ይዘውታል። ስንጓዝ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሸራ ጫማ ታደርጋላችሁ። ሌላ ጫማ የሚይዝ ካለ በሻንጣው ይያዝ፤ ግን ከአሥሩ ኪሎ ውስጥ ነው።»

«የት ነው የምንመዘን?» አለ ትዕዛዙ የሚባለው ልጅ።

«አንተ አትመዘንም። የሚመዘነው ሻንጣህ ነው። ሐጂ ሙሐመድጣሂር መጋዘን።»

ሽንፋ ውስጥ የሻንጣ ሚዛን የለም፤ የሰሊጥ ሚዛን ግን አለ። ሐጂ ሙሐመድጣሂር ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። መካ ደርሰው የመጡ ሰው ስለሆኑ የአውሮፕላኑንም የኪሎ ነገር ያውቁታል። «ቅዳሜ አምጧቸው» ብለው ነበር ለመምህር ደረበ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ኢየሩሳሌም ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። መንደሩ በሻንጣው ገብቶ አብሮ ይሄዳል። አንዱ ጧፍ ይሰጣል፤ አንዱ ስሙን በወረቀት ጽፎ «በጸሎት አንሺኝ» ይላል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጎረቤታቸው እማማ አሰበች በነጠላቸው የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። እማማ አሰበች ከደጋ ወርደው ቆላ የከረሙ፣ ልጅም ዘመድም አጠገባቸው የሌለ አሮጊት ናቸው።

ነጠላውን ሲፈቱት ውስጡ ያለው ነጭ አቡጀዲ ነው።

«ሁለት ዓመት የሰሊጥ ቃርሚያ ለቅሜ የገዛሁት ነው» አሉ። «ስሞት የምገነዝበት ነው ልጄ። እኔ እንግዲህ ዮርዳኖስን አላይም። አንቺ በውኃው ንከሪልኝ። አደራ።»

«እሺ እማማ። እነክረዋለሁ» አለች ጸዳለ። ስትናገር ከልቧ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዎቹ በመጋዘኑ ደጅ ተሰለፉ። የትዕዛዙ ሻንጣ አሥራ አራት ኪሎ መዘነ። ቢከፈት አንድ ፌስታል ሙሉ ሰሊጥ ወጣ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ሐጂ ሙሐመድጣሂር።

«ለኢየሩሳሌም ሰዎች ስጦታ።»

«እዚሁ ተወው። ሰሊጥ ይህንን ቤት ያውቀዋል» አሉት፣ ሰውም ሳቀ።

የጸዳለ ሻንጣ ተራው ደረሰ። አሥር ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም።

«ዘጠኝ መቶ ግራም ቀንሺ» አሉ መምህር ደረበ። «ሰኞ ጠዋት ስንነሣ እንደገና ይመዘናል።»

ጸዳለ ቤቷ ገብታ ዕቃዋን አልጋ ላይ ዘረገፈችው። መጽሐፍ ቅዱሷ አለ። ሁለት ቀሚስ አለ። የሰው ጧፍና ወረቀት አለ። እናቷ ለጾሙ የጋገረችላት ዳቦ ቆሎ አለ። የእማማ አሰበች አቡጀዲ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫማው አለ። ወንድሟ ባየልኝ አብደራፊ በሚባል ከተማ በትራክተር ረዳትነት ይሠራል፤ ጫማውን የላከላት እሱ ነው። ነጭ ነው፤ ሶሉ ወፍራም ነው። ጸዳለ ይህንን ጫማ አድርጋ በኢየሩሳሌም ከተማ ፎቶ ስትነሣ በሐሳቧ ስንት ጊዜ ራሷን እንዳየች እሷ ታውቃለች።

በአንድ እጇ ጫማውን፣ በአንድ እጇ አቡጀዲውን ያዘች። ክብደታቸው እኩል መሰላት።

ልጆች፣ ሰይጣን ሲመጣ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። «ምን አለበት» እያለ ነው የሚመጣ። ጸዳለንም እንዲህ አላት፦ «ምን አለበት? አቡጀዲውን እዚሁ አስቀምጪው። ስትመለሺ በሽንፋ ወንዝ ነክረሽ ስጫቸው። ውኃ ውኃ ነው። እማማ አሰበች በምን ያውቃሉ?»

እውነትም አያውቁም። ክፋቱ እሱ ነው።

ጸዳለ አቡጀዲውን አጠፈችው። ከበሩ ጀርባ በተከመሩት ባዶ የሰሊጥ ጆንያዎች መካከል ሸጎጠችው። ጫማውን ሻንጣው ውስጥ አስገባች።

«ተስተካከለልሽ?» አለች እናቷ ከደጅ።

«ተስተካከለ።»

«የእማማን አደራ ከላይ አድርጊው፣ እንዳይጨማደድ።»

«እሺ» አለች ጸዳለ። አያችሁ፣ ውሸት አንዱን ሲወልድ ሁለተኛውን አርግዞ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማ ዜማው ጠፋባት። ጓደኞቿ ጉሮሮዋን ያመማት መሰላቸው።

ሰኞ ጠዋት ወላጅ ሁሉ መጋዘኑ ደጅ ተሰበሰበ። ወደ ጎንደር የሚወስዳቸው ሚኒባስ ቆሟል። የጸዳለ ሻንጣ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«አሥር። ልክ አሥር» አሉ ሐጂ ሙሐመድጣሂር። «ይህች ልጅ ጎበዝ ነጋዴ ይወጣታል።»

ሰው ሳቀ። ጸዳለ ግን አልሳቀችም፤ በመንገዱ ማዶ እማማ አሰበች ሲመጡ አይታለች። በዱላቸው ተደግፈው ይቸኩላሉ። በሌላው እጃቸው መቀስ ይዘዋል።

«ደረስኩ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ጸዳለ ልጄ፣ ሻንጣው ከበደባት ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ብለሽ ምግብሽን እንዳትቀንሺ። አቡጀዲውን አውጪውና እኩሌታውን ቆርጬ ላስቀረው። ፊቴን የሚሸፍን ከነከርሽልኝ ይበቃኛል።»

ጸዳለ የሻንጣዋን እጀታ ያዘች። «ከሥር ነው ያለው፣ ኪሎውም ሞልቷል፣ መቁረጥ አያስፈልግም» ብትል ያበቃል። ሚዛኑ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ራሱ ይመሰክርላታል። እማማ አሰበችም መርቀው ይመለሳሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ መቀሱን አየችው። ሁለት ዓመት ጎንበስ ብለው ቃርሚያ የለቀሙለትን ጨርቅ፣ እሷ እንዳትቸገር ብለው ለሁለት ሊቆርጡት ነው የመጡ።

«እማማ» አለች። «የለም። ሻንጣው ውስጥ የለም።»

«ምኑ?»

«አቡጀዲው። እኔ አውጥቼዋለሁ። ጫማ ላስገባ ብዬ ነው። ስመለስ በሽንፋ ወንዝ ነክሬ ልሰጥዎት ነበር።»

እናቷ ሰርካለም ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። ጸዳለ ጎንበስ ብላ የእማማ አሰበችን ጉልበት ሳመች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ አለቀሰችም።

እማማ አሰበች መቀሱን ዝቅ አደረጉት። ከፍቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ያም ሆኖ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ከሚዛኑ አጠገብ ሆነው ተናገሩ፦ «ልጄ፣ እኔም መካ ስሄድ የሰው አደራ ይዤ ነበር። እኛ አማና እንለዋለን። ቃሉ ሌላ ነው፤ ክብደቱ አንድ ነው። በይ ሩጪ፣ መኪናው ይጠብቅሻል።»

መምህር ደረበ ሰዓታቸውን አዩ፤ ግን አልከለከሉም። ጸዳለ ሮጠች። ከጆንያዎቹ መካከል አቡጀዲውን አወጣች፤ አቧራውን አራገፈች፤ ተመለሰች። በሰው ሁሉ ፊት ጫማውን አውጥታ አቡጀዲውን ከላይ አደረገች። ሚዛኑ አሥር ኪሎ ከመቶ ግራም አለ። ጸዳለ ዳቦ ቆሎውን ከፈተችና ለትዕዛዙ ሁለት እፍኝ ሙሉ ሰጠችው። ትዕዛዙም እዚያው ቆሞ በላው። አሥር ኪሎ ሆነ።

ጫማው መሬት ላይ ቀረ። እናቷ ልታነሣው ስትል እማማ አሰበች ከለከሏት።

«ለእኔ ስጪኝ» አሉ። «እስክትመለስ እኔ አስቀምጥላታለሁ። እሷ የእኔን፣ እኔ የእሷን።»

ጸዳለ ይህንን ስትሰማ የበለጠ አፈረች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ዮርዳኖስ ደረሱ። ውኃው ከሽንፋ ወንዝ እምብዛም አይሰፋም፤ ትዕዛዙ ቅር ብሎት ነበር። ጸዳለ ጭቃ በነካው ሸራ ጫማዋ ጎንበስ ብላ አቡጀዲውን ሦስት ጊዜ ነከረችው። ባደሩበት ቤት ሰገነት ላይ አሰጣችው፤ እስኪደርቅም አጠገቡ ተቀመጠች። ጓደኞቿ ፎቶ ሲነሡ አልሄደችም፤ ነፋስ እንዳይወስደው ፈርታ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽንፋ ሲመለሱ፣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እማማ አሰበች ጎጆ ሄደች። አቡጀዲውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

እማማ አሰበች አሸተቱት። «ዮርዳኖስ ነው?»

«ዮርዳኖስ ነው እማማ።»

ሌላ አልጠየቁም። አመኗት፤ አቡጀዲውን ሳሙት፤ አለቀሱ። ጸዳለም አንድ ነገር ገባት፤ በሽንፋ ውኃ ነክራ አምጥታው ቢሆንም እንዲሁ ያምኗት፣ እንዲሁ ይስሙት ነበር።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ጫማዋን አየችው። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ብቻ እየታየ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አንድ እንከን የለበትም። ከሥሩ መሬት ላይ የእማማ አሰበች የበዓል ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠርዙ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል።

«እማማ፣ ቀሚስዎ ምን ሆነ?»

«ምስጥ ነው። ቆላ አይደል።»

«ለምን አልሰቀሉትም?»

«ሚስማሩ አንድ ነው» አሉ እማማ አሰበች። «ያንቺ አደራ ነዋ የተሰቀለ።»

ጸዳለ በማግሥቱ ከአባቷ ሁለት ሚስማርና መዶሻ ተቀብላ መጣች፤ ግድግዳውም ላይ መታቻቸው። ከሁለቱ ቀሚሶቿ የአንዱን ጠርዝ ቆርጣ ለእማማ አሰበች ቀሚስ መጣፊያ አደረገችው። ስፌቷ ጠማማ ነበር፤ እማማ ግን ለበሱት።

ልጆች፣ ሰው አምኖ የሰጣችሁን አደራ፣ ማንም ባያያችሁ እንኳ፣ ከራሳችሁ ዕቃ አስበልጣችሁ ጠብቁት።