የደሴቷ ክኒን

ክኒኗ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥራለች።

ትርንጎ ከባጃጁ ወረደች። ወደ ኋላ አልዞረችም። መዞር አያስፈልጋትም፤ የይሻው ሳል ከገበያው ጀምሮ እየተከተላት ነው። ይሻው የወይዘሮ ፍቅርተ ዓይን ነው። ወይዘሮ ፍቅርተ ደግሞ የደብረ ታቦርንና የዙሪያዋን ልጆች ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት «ለሆቴል ሥራ» የምትልክ ደላላ ናት። እስካሁን ከሄዱት ውስጥ ደውሎ «ደረስኩ» ያለ የለም።

ጎሚስታው ቤት ገባች። የፍቅርተ ሚኒባስ ጎማ እዚሁ ስለሚለጠፍ መምጣቷ አያስጠረጥርም። ሰውዬው ከጎማው ጋር እየታገለ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«የቀኙ ነው የግራው?»

«ስኮርታው።»

«ስኮርታ ዛሬ አይደርስም።»

«ለነገ ይሁና።»

እጁ በቅባት ስለጠቆረ፣ እንደ ደንቡ፣ ለሰላምታ ክንዱን ዘረጋላት። ክንዱን ያዘች። ክኒኗ እጅጌው ውስጥ ወደቀች።

«ለደሴቷ ወባ ነው ብለውኛል» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ክኒኑን ልጆቹን የማስውጣቸው እኔ ነኝ። አስመርምር።»

በሩ ላይ የይሻው ሳል ተሰማ።

«ጎማው አልቋል፣ እቴ!» አለ ጎሚስታው ጮክ ብሎ። «ጎማ ነው ወይስ ወንፊት የምታመጡልኝ?»

ይሻው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ስሟ ትርንጎ አይደለም። በደኅንነት መሥሪያ ቤቷ «ሰርዶ» ይሏታል፤ ጎሚስታውን «ኮርቻ»። የተላኩት ፍቅርተን ሊይዙ አይደለም፤ ከፍቅርተ በላይ ያለውን፣ መልኩን ማንም አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው። እሱን «ባለደሴቱ» ብለውታል። ሰርዶ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት መስላ ገባች። ፍቅርተም መንገደኞቹን እንድታሰለጥን ቀጠረቻት።

ሥልጠናው ግን እውነተኛ ነበር። ውሸቱን እውነት ሰጥታ ነው የምትሸፍነው።

«የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለብቻ ያዙ» ትላቸዋለች። «ስልክ ቁጥር በቃል አጥኑ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ጭንቅላት አይሰረቅም። የማታውቁትን ሰው ሻንጣ አትንኩ። ደሴት ላይ ሰማይ ሲጠቁር ከባሕሩ ዳር ሽሹ፤ ማዕበሉ ቤት ያፈርሳል።»

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ዋና አልችልም» አለች ወርቅዬ፣ የጉናዋ። «እኛ ዘንድ ውኃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።»

«አንቺን ማዕበሉ ራሱ ይተውሻል» አለቻት ጓደኛዋ ትዝታ። «የምትያዢበት ሥጋ የለሽ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወርቅዬ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም፤ ጉንጯ ጎድጉዷል።

በማግስቱ ጎማው ተመለሰ። በውስጡ በነጭ ጠመኔ ክብ ተሥሏል፤ የተስማሙበት ምልክት ነው።

ንጹሕ ነው። ስጫቸው።

የጉዞው ዕለት ፍቅርተ ክኒኑን በሳህን አቀረበች። በእጇ መቁጠሪያ፣ በአንገቷ ማተብ። ልጆቹ ተራ በተራ ዋጡ።

ወርቅዬ አልዋጠችም።

«ቅዳሴ ሲወጣ እወስዳለሁ፣ እትዬ። አሁን ጾመኛ ነኝ።»

«ጻድቋ!» አለ ይሻው። «ደሴቷ ላይ ደብር አሠርተንልሻል፤ እዚያ ትጾሚያለሽ።»

ፍቅርተ አልሳቀችም። ዓይኗን ትርንጎ ላይ ተከለች። «አሠልጣኟ አንቺ ነሽ። የኔ መኪና ያልዋጠ አይጭንም።»

መኪናው ከቀረ ባለደሴቱም ቀረ። ሰርዶ የልጅቱን እጅ ያዘች።

«መድኃኒት እኮ ነው፣ ወርቅዬ። መንገደኛና ሕመምተኛ ይፈቀድለታል።»

«በእውነት? አንቺ በይኝና እውጣለሁ። በአንቺ ቃል።»

«ዋጪ፣ እህቴ።»

ዋጠች።

ፍቅርተና ይሻው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ጀመረ። መጀመሪያ የትዝታ ራስ መስኮቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ከኋላ ያሉት። ወረታ ሳይደርሱ ሳቅም ወሬም አልነበረም።

ወባ እንዲህ አያስተኛም።

ከነጠላዋ ሥር በስልኳ ለኮርቻ ጻፈች። «ተኝተዋል። አሁኑኑ አስቁሙን።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር።

«ቀጥዪ።»

ሰርዶ ቀጠለች። ወርቅዬ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ነበር። ትንፋሿ ነጠላዋን ያሞቀዋል። ይፋግ ሲቃረቡ ሙቀቱ እየሳሳ ሄደ።

መኪናው ወደ አንድ የእህል መጋዘን ገባ። ይሻውና ሹፌሩ ልጆቹን እንደ ጆንያ ተሸክመው አወረዱ። ከዚያ ባለደሴቱ መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ የለዘበ፣ ሽበታም ሰው። የእያንዳንዱን ዓይን በአውራ ጣቱ ገልጦ አየ። ወርቅዬ ጋ ሲደርስ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት።

«ይቺ ቀዝቅዛለች። ለምን እንዲህ የከሳ ታመጪብኛለሽ፣ ፍቅርተ?»

በሩ ተገነጠለ፤ የኮርቻ ሰዎች ገቡ።

ጩኸት። መሣሪያ። ሽበታሙ ሰው ሳይሮጥ እጁን አነሣ። ሰርዶ ግን ወለሉ ላይ ነበረች፤ የወርቅዬን ደረት ትጫናለች፣ ትጠራታለች፣ ትጫናለች።

ኮርቻ መጣ። እጁ ዛሬ ንጹሕ ነው።

«ተይው። አልፋለች።»

«ንጹሕ ነው ብለኸኛል።»

«የእንቅልፍ ነው። አውቀን ነበር።»

«ለምን?»

«የነቃ ልጅ ባለበት እሱ አይገባም። ተኝተው ካላገኘ ፊቱን አያሳይም። ብነግርሽ አትሰጪያቸውም ነበር።» ልጅቱን አየ። «ባዶ ሆዷን መሆኗን አላወቅንም።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሰርዶ።

ፍቅርተ እጇ ታስሮ ስታልፍ ቆም አለች።

«በአንቺ ቃል ነው እኮ የዋጠችው» አለቻት። መቁጠሪያዋ አሁንም በእጇ ነው።

የቀሩት ልጆች ነቅተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ግዳጁ ተሳክቷል ተባለ። ለሰርዶ ሌላ ከተማና ሌላ ስም ተሰጣት። መሄድ የነበረባት በቀጥታ ነው።

በበቅሎ ወደ ጉና ወጣች።

ለቅሶ ቤቱ ከገብሱ ማሳ በላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች፤ «ማን ነሽ?» ያላት የለም። ወደ መጨረሻው የወርቅዬ እናት አጠገቧ መጡ።

«ልጄን ታውቂያት ነበር፣ ልጄ?»

«በመንገድ ተገናኝተን ነበር፣ እማማ።»

«በመድኃኒት ነው የሞተች ይላሉ። እኔ ያንን አልጠይቅም፤ እሱ ያውቃል። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው።» አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጾሟን ይዛ ነበር? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፍልሰታን ፈታ አታውቅም።»

ጉናን ደመና ሸፍኖታል።

«ይዛ ነበር፣ እማማ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙ። ወርቅዬን ይዞ ያስዋጣትን ያንኑ እጅ።

«እንግዲያው አርፌያለሁ። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ። ለቄሱ እሰጣለሁ፤ ከልጄ ጋር በጸሎት ያስቡሻል።»

የክርስትና ስሟ አንደበቷ ላይ ደረሰ። በማንም ግዳጅ ያልተነካ፣ የቀራት አንድ ስም እሱ ብቻ ነው።

ዋጠችው።

«ወለተ ሥላሴ» አለች። አልነበረም።

«ወለተ ሥላሴ» አሉ እናትየዋ እንዳይረሱት። «ወለተ ሥላሴ። ወለተ ሥላሴ።»

ቁልቁለቱን ስትወርድም ድምፃቸው ይሰማት ነበር፤ ለሌለች ሴት ይጸልዩላታል።