የመጨረሻው ሰው ፎቶግራፍ

ውድ አንባቢ፣ ብስክሌትን አልጠላም። ቅዳሜን በመጠጥ ቤት ከማሳለፍ ይልቅ በካምፓላ ኮረብታዎች ላይ ላብን አፍስሶ ሐይቅ ዳር መድረስ እንደሚሻል አልክድም። የምጠላው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

በየቅዳሜው ማለዳ ከካምፓላው ቡኮቶ ሰፈር የሚነሣ የኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን የብስክሌት ቡድን አለ። አባላቱ የአየር መንገድ፣ የድርጅትና የንግድ ሰዎች ናቸው፤ የተማሩ፣ ቢጫ ሸሚዝ አሰፍተው አንድ ዓይነት የሚለብሱ፣ እሑድም በቅዳሴ ከፊት የሚቆሙ። በካንሳንጋ አልፈው ወደ ጋባ የሐይቅ ዳርቻ ይወርዳሉ። ይህ ቡድን አንድ ልማድ ነበረው። የቡድኑ መሪ ፀጋዘአብ ሐይቁ ዳር ስልኩን አዘጋጅቶ ይጠብቅና መጨረሻ የሚደርሰውን ሰው ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ፎቶግራፉም «የሳምንቱ ጭራ» ተብሎ በዋትሳፕ ይለጠፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ይሳቅበታል።

ስለዚህ ኋላ መቅረት የሚፈልግ አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር። በካንሳንጋ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ተክሌ ሆን ብለው ከሁሉም ኋላ ይነዱ ነበር። በኡጋንዳ መንገድ የሚኬደው በግራ ነው፤ እኛ ግን በቀኝ ያደግን ሰዎች ነን። እጅና እግር የለመዱትን ቶሎ ስለማይረሱ፣ አዲስ የመጣ ሰው ብቻውን መተው የለበትም ባይ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ሔሊና የምትባል፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለሥራ የመጣች ወጣት ቢጫውን ሸሚዝ ለብሳ ቡድኑን ተቀላቀለች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬም ጭራ ሊወጡ ነው?» አለ ፀጋዘአብ። «በእርስዎ ፎቶ ስልኬ ሞላ እኮ።»

«ይቺ ልጅ አዲስ ናት። አብሬያት እሆናለሁ።»

«የምን ልጅ? ማስተርስ ያላት ሴት ናት። ሔሊና፣ ሞግዚት ያስፈልግሻል እንዴ?»

«ኧረ አዲስ አበባም እነዳ ነበር» አለች እየሣቀች።

«ይኸው። ጋሼ፣ እግርዎ እንቢ ሲል ነው ሞግዚት የሚሆኑት።»

ሁሉም ሣቁ። 

ካንሳንጋ ላይ ትንሽ አረፉ። ሔሊና ውሃ ልትገዛ ወደ ሱቅ ገባች። ሌሎቹ ሊነሡ ሲሉ ፀጋዘአብ እርሷን ሊጠብቁ ወደ ቆሙት ጋሽ ተክሌ ዞሮ ስልኩን አነሣና ፎቶ የሚያነሣ መሰለ። ጋሽ ተክሌም ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ተከተሉት። «ትደርስብናለች» አሉ ለራሳቸው። እኔ ከማያውቅ ሰው ይልቅ እያወቀ ሣቅ ፈርቶ የሚሸሸውን ሰው አብዝቼ እወቅሳለሁ።

ሔሊና ስትወጣ ማንም የለም። ጭራ ላለመውጣት ተጣድፋ ተነሣች። ለጊዜው መኪና ያልነበረበትን መንገድ አቋርጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳደረገችው፣ ቀኙን ይዛ ቁልቁል ወረደች። መታጠፊያው ላይ ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ የጫነ መኪና ፊት ለፊት መጣባት።

ሐይቁ ዳር ፀጋዘአብ ስልኩን ደግኗል። «አዲሷ ጭራ ልትመጣ ነው፤ ተዘጋጁ» አለ። የመጣው ግን ቦዳ የሚሉት ሞተር ነበር። ከነጂው ኋላ የተጣመመ ብስክሌት ታስሯል። የፀጋዘአብ ጣት ከዓይኑ ቀድሞ ስልኩን ተጫነ፤ ፎቶው ተነሣ።

«ሸሚዟ እንደ እናንተ ነው» አለ ባለ ቦዳው። «እህታችሁ ሆስፒታል ናት።»

በሆስፒታሉ ኮሪደር ፀጋዘአብ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ማን በቀኝ ንጂ አላት? ትልቅ ሰው አይደለችም?»

«አዲስ አበባ ናት ያለቻት» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ አንተም ታውቅ ነበር።»

«እርስዎም ጥለዋት ነው የመጡት። እኔን ብቻ አይክሰሱ።»

«ጥያታለሁ። አንተን ፈርቼ ነው። አንተስ ማንን ፈርተህ ነው?»



የሔሊና ጉልበት ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው እንደማይታጠፍ ነገራት። ፀጋዘአብ ፍራፍሬ ይዞ ሊጠይቃት ሲመጣ አላስቀመጠችውም።

«ያን ቀን ፎቶ አንስተሃል አሉ።»

«ሳላስበው ነው። አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፋው። የሰውን ሁሉ ስትለጥፍ ኖረህ የእኔን ለምን ትደብቃለህ? ጭራዋ እኔ ነኝ። ለጥፈው።»

«ሔሊና፣ እባክሽ።»

«እዚሁ፣ እያየሁህ። የዘወትሩንም ጽሑፍ እንዳትረሳ።»

«የሳምንቱ ጭራ» ብሎ ጻፈና ለጠፈው። ያን ዕለት በቡድኑ ውስጥ የሣቀ ሰው አልነበረም።

ሔሊና ይቅር አላለችውም፤ እኔም አትቸኩይ እላታለሁ። ለእናንተ ግን፣ በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ ደካማውን በሚጠብቀው ሰው ለምትቀልዱ፣ የምለው አለኝ። ያ ሰው የሚጠብቀው እናንተ የተዋችሁትን ግዴታ ነው። በሣቃችሁ ካባረራችሁት በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የእጃችሁ ሥራ ነው፤ አላየንም አትበሉ።

ቡድኑ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋባ ይወርዳል። ፀጋዘአብ ከሁሉም ኋላ፣ ከአዲስ መጪዎቹ በስተጀርባ ይነዳል። ማንም አያመሰግነውም፤ እርሱም ምስጋና አይጠብቅም። ብቻውን መጨረሻ ሲደርስ ሐይቁ ዳር የቆሙት ፊታቸውን ወደ ውሃው ያዞራሉ፤ ስልክ የሚያነሣ የለም።