ከግራው ጎል ጀርባ፣ አራት ጣት

«ሌላ ምስማር» አለችና ወረወረችለት።

ጠበቃው ምስማሩን ቀልቦ ቆርኪዎቹና ሽቦዎቹ ወዳሉበት ፌስታል ጨመረው። ጠበቃ አይደለም፤ ገና ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከማንኛውም ጥፋት በአፉ ስለሚያመልጥ የክፍሉ ልጆች ያወጡለት ስም ነው። እሷን ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ፌንጣ ይሏታል። ዛሬ ብሶባታል። የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሲያስሱ አንድ ሰዓት አልፏቸዋል፤ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ኳስ ተጫዋቾቹ ይገባሉ።

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለዋቸው ነበር ዘበኛው በሩን ሲከፍቱላቸው። «አንድ ጉድጓድ ሳትደፍኑ ብትሄዱ ዘንዶው እኔ ነኝ።»

የጠፋው የጠበቃው እናት የወርቅ ቀለበት ነው። ማክሰኞ ለልጆች ሊያሳይ ጣቱ ላይ አጥልቆት መጣ፤ ሲሯሯጡ ከግራው ጎል አካባቢ ወለቀ። ማታ እናቱ «መኝታ ቤት ማን ገባ?» ስትል «ልብስ አጣቢዋ ገብተው ነበር» አላት። እውነት ነው፤ አንሶላ ሊወስዱ ገብተዋል። በማግስቱ ሴትዮዋ ሁለተኛ እንዳይመጡ ተነገራቸው። ፌንጣ ይህን የሰማችው ትናንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ ስትል ነው ያደረችው።

የሚያስሱበት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ የአጎቷ ነው። አጎቷ በያጅ ናቸው፤ በእረፍት ቀናቸው ባለ መሬቱን አስፈቅደው በየአሮጌው ማሳ ብረት ይፈልጋሉ። ዕቃውን ሲያውሷት ልጅ እንደሚድር ሰው አንድ በአንድ አስረከቧት። ጫፉ ላይ ክብ ሳህን ያለው፣ ሳህኑ በብረት ላይ ሲያልፍ የሚጮህ መፈለጊያ። ስስ ድምፅ እንዳያመልጣት ማዳመጫ። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ብረቱን የምታሳይ፣ ካሮት የምታህል መጠቆሚያ። ሣሩን ሳይቦጫጭቅ የሚቆርጥ አጭር አካፋ። ስብርባሪ እንዳይቆርጣት ጓንት። ትርፍ ባትሪ። ለተገኘ ዕቃ የምትሆን ባለ ዚፕ የወገብ ቦርሳ። መጨረሻ ላይ ደብተርና እርሳስ አወጡ።

«ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው» አሏት፣ እርሳሱን ከፍ አድርገው።

«እርሳስ ምን ያደርግልኛል ጋሼ?»

«ያገኘሽውን ቦርሳ ከመክተትሽ በፊት የት፣ ስንት ጣት ጥልቀት ላይ፣ መቼ፣ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሳይጻፍ ኪስ የገባ ነገር ተገኘ አይባልም። ተወሰደ ነው የሚባለው።»

አሁን ማዳመጫው ውስጥ ጸጥታ በዝቷል። ሲጀምሩ የጣሳ ጆሮ እየቆፈሩ ነበር የተሰላቹት፤ ሰው ጣሳ ከፍቶ ነቅሎ የሚጥላትን ትንሽ ቆርቆሮ። ሜዳው በእሷ ተሞልቷል። መሣሪያው ደግሞ ለያንዳንዱ ብረት ቁጥር ይሰጣል፤ ያልፈለጉትን ቁጥር ዝም ማሰኘት ይቻላል። «ኧረ ዝጊው፣ ፋራ አትሁኚ» አላት ጠበቃው። ዘጋችው።

ግራው ጎል ጋ ሦስተኛ ጊዜ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ከነከናት። የወርቅ ጉትቻዋን አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ሳህኑን በላዩ አሳለፈች። ዝም። ደገመችው። ዝም።

የዘጋችውን ከፈተችው። መሣሪያው ጮኸ።

«ወርቁም የጣሳ ጆሮውም አንድ ቁጥር ነው» አለች። «አብረን ነው የዘጋናቸው። እንደገና ከመጀመሪያ።»

«አትቀልጂ። ግማሽ ሰዓት ነው የቀረን።»

«እንግዲያው ወሬ ቀንስ።»

ሰባት የጣሳ ጆሮ ቆፈሩ። በስምንተኛው ጉድጓድ መጠቆሚያዋ ተንቀጠቀጠች። ፌንጣ አፈሩን በጓንቷ ፈረከሰችው። ቀለበቱ ጭቃ ለብሶ ወጣ።

ጠበቃው ሣሩ ላይ ተዘረረ። «ተገላገልኩ!» ተነስቶ እጁን ዘረጋ። «አምጪው። ቁም ሣጥን ሥር እጥለዋለሁ። እማዬ ስትጠርግ ታገኘዋለች። አለቀ።»

«ልብስ አጣቢዋስ?»

«ይጠሯቸዋላ።»

«ምን ተብለው?»

«በቃ ተገኘ ተብለው።»

«ሌባ ተብለው ወጥተው፣ ተገኘ ተብለው ይገባሉ?»

«ሌባ ያላቸው የለም። እኔ ገቡ ነው ያልኩት። ገብተዋል አልገቡም?»

 ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሲደመር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እግሮቿ ሂጂ ሂጂ አሏት። ብትሰጠው ያልቅ ነበር። ቤቷ ገብታ እንደ ሰው ትቀመጥ ነበር።

ደብተሩን አወጣች።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«የት እንደተገኘ።»

«ፌንጣ፣ ሙድ አትያዢብኝ። ጓደኛዬ አይደለሽም?»

«ነኝ። ጉድጓዱን ድፈን።»

ተንበርክካ ጉልበቷ ላይ ጻፈች። ከግራው ጎል ጀርባ። አራት ጣት። ቅዳሜ። ቀለበቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ሳበች። 

ጠበቃው ቆሞ አያት።  ከዚያ አፈሩን መለሰ፤ የቆረጡትን ሣር ከላይ አለበሰው፤ በጫማው ቀስ እያለ ረገጠው። ኳስ ተጫዋቾቹ መግባት ጀምረዋል።

«በየትኛው በር ነው የምንወጣው?» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

የፊተኛው በር ወደ እሱ ቤት ያወጣል። የኋለኛው ልብስ አጣቢዋ ወደሚኖሩበት ሠፈር። ፌንጣ መፈለጊያውን አጠፋችና ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አወረደችው።

«በኋለኛው» አለች። «አካፋውን አንተ ያዝ።»