የሦስት ቀን ጎመን

«ሦስት ሙሉ ቀን የተቀቀለ ጎመን በልቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለ አባቷ በሹክሹክታ፣ የዶክተሯን በር እያየ። «የተጠበሰውን ድንች ገዛሽልኝ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች ልጅቷ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ክፍሏ ውስጥ በፈተና ዋዜማ ብቻ ደብተር የሚገልጡ ሰነፎች ሞልተዋል። የከተማውን ሰው በሱፍ የሚያሳምረው ልብስ ሰፊ አባቷ ግን በዚህ ዕድሜው እንደነሱ ሲሆን ማየት ያሳፍራል። ኩላሊቶቹ እየደከሙ እሱ በሦስት ቀን ጎመን ላቦራቶሪውን ሸወድኩ ብሎ ይፈነድቃል። ጉድ እኮ ነው! ለደም ቅባቱ የታዘዘለትን ኪኒን እንኳ የሚውጠው ቀጠሮ ሲቃረብ ነው። የቀረው ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከአዝራር ጋር ተኝቷል።

ተጠርተው ገቡ። ዶክተሯ ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«የደም ቅባትዎ ወርዷል። ኩላሊትዎ ግን ካለፈው በጣም ብሷል። ምን ይመገባሉ?»

«አትክልት! ቅባት የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም።»

«ኪኒኑስ?»

«አንድም ቀን አላሳለፍኩም።»

ዋሾ! ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«እኔ ጥርጣሬዬ ቅባቱ ላይ ነበር፤ ኩላሊትን ያባብሳል» አለች ዶክተሯ። «እሱ ካልሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። በመርፌ ከኩላሊትዎ ላይ ናሙና እንወስዳለን።»

የአባቷ ፊት አመድ መሰለ። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። እሱ እቴ! ጉሮሮውን ጠረገና «እንዳሉ» አለ። እውነት ከሚናገር ኩላሊቱን ቢወጉት ይመርጣል። ልጅቷ እንዲህ የናቀችው ሰው የለም።

ከዚያ ቦርሳዋ ሸተታት። ማታ ማታ የተጠበሰ ድንችና ቋሊማ የሚያመጣለት ማን ሆነና? «እናትሽ እንዳትሰማ» ሲላት፣ ድርሻዋን ተቀብላ ጸጥ የምትለውስ? እሷም ያው ናት፤ እንዲያውም ትብሳለች፤ እሱ ታሞ ፈርቶ ነው፣ እሷ ግን ምንም ሳያማት ለድርሻዋ ስትል ነው የደበቀችለት።

«ዶክተር፣ መርፌው ትንሽ ይቆይ።»

«አንቺ!» አለ አባቷ።

ቦርሳዋን ከፈተች። የድንቹ ዘይት ወረቀቱን አልፎ የሒሳብ ደብተሯን አርሶታል። ጥቅሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የምገዛለት እኔ ነኝ። ኪኒኑንም አይውጥም» አለች።

ዶክተሯ የውጤቱን ወረቀት ዘይት እንዳይነካው ወደ ጎን ገፋችና ብዕሯን አነሳች።

ልጅቷ አባቷን አላየችውም። «ከየትኛው ቀን ጀምሬ ልንገርዎ?» አለች ዶክተሯን።