«የልጅ ልጄ መስለሽኝ ነው»

«ቬንዲ! ቬንዲ!»

ቬንዱላ ድምፁን ለየችው፤ ዞር ግን አላለችም። ትራሙ ገና አልመጣም። ከጎኗ ጓደኛዋ ዣኔታ ቆማለች። የቬንዱላ እናት አባት ቭራቲስላቭ ፔክሳ በአንድ እጃቸው የድንች ከረጢት አንጠልጥለው፣ ሌላውን እያውለበለቡ ከማዶ ወደ ፌርማታው ይሻገራሉ።

«አንቺን ነው እንዴ የሚጠሩት?» አለች ዣኔታ። «ደግሞ ፊታቸውን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።»

የት እንዳየችው ቬንዱላ ታውቃለች። አያቷ በሰላሳ ሰባት ፊልሞች ሠርተዋል፤ አንድም ጊዜ ግን ዋና ተዋናይ ሆነው አያውቁም። ፖስተኛ ሆነዋል፣ የባቡር ትኬት ቆራጭ ሆነዋል፣ ሰርግ ላይ ሰክሮ የሚወድቅ አጎት ሆነዋል። ሰው የሚያስታውሳቸው ግን በአንዱ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቹን እየጠቆመ የሚያሳስር የሕንጻ ዘበኛ ሆነው በሠሩበት። ፊልሙ በየገናው በቴሌቪዥን ይታያል።

ባለፈው ገና ቬንዱላ እነዣኔታ ቤት ነበረች። ያ ፊት ብቅ ሲል የዣኔታ አያት ከወንበራቸው ተነስተው ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉት። በድሮው መንግሥት ጎረቤት ጠቁሟቸው አራት ዓመት ታስረዋል። «ይሄን ፊት ቤቴ ውስጥ ማየት አልፈልግም» አሉ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቀረበውን የገና ብስኩት የነካ የለም። ቬንዱላ ፊቱ የአያቷ መሆኑን አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህም ዣኔታን አንድ ቀን ቤቷ ጋብዛት አታውቅም።

«ኧረ አላውቃቸውም» አለች አሁን። «እኛ ሰፈር ያሉ ሽማግሌ ናቸው መሰለኝ። ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል።»

ቀና ስትል አያቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል።

ለአፍታ ፊታቸው ባዶ ሆነ። ከዚያ ትከሻቸው ወደቀ፣ ዓይናቸው ፈዘዘ፣ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እዚያው ቆመው አሥር ዓመት አረጁ። ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፤ የልጅ ልጄ መስለሽኝ ነው። ዓይኔ ደክሟል» አሉና ድንቻቸውን ይዘው በመጡበት ተመለሱ።

«ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» አለች ዣኔታ። ትራሙ መጣ።

ቬንዱላ ቤት ስትገባ አያቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ጓደኛሽ አመነችኝ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አመነችህ፣ አባባ።»

«ጎሽ! ያለ ልምምድ እኮ ነው።» ሊስቁ ጀምረው ተዉት። የያዙትን ድንች መላጥ ቀጠሉ፤ ልጣጩ አልቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ድንቹ አውራ ጣት እስኪያክል ድረስ ላጡት።

«አባባ፣ እኔ...»

«ነይ እስቲ፣ ሾርባው ጨው አንሶት እንደሆነ ቅመሽልኝ።»

ቀመሰች። ልክ ነው አለች። ምንም አልጎደለውም ነበር። ይቅርታውን ነገ እጠይቀዋለሁ ብላ አሰበች። በማግስቱ ግን የሒሳብ ፈተና ነበረባት፤ ፈተናውን ጨርሳ ስትመለስ ደግሞ አያቷን ደክሟቸው ተኝተው አገኘቻቸው። ሐሙስ ጠዋት እናቷ ልትቀሰቅሳቸው ገባች፤ አልነቁም።

ሁለት ቀን ቀርታ ሰኞ ትምህርት ቤት ስትመለስ ዣኔታ «አሞሽ ነበር እንዴ?» ብላ መልስ እንኳ ሳትጠብቅ ጋዜጣ ዘረጋችላት።

«ይሄን እይ! ፌርማታው ላይ ያየናቸው ሽማግሌ! ያ ጠቋሚው ዘበኛ እኮ ነው! ሞተ። አያቴ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ተገላገልን!›»

ቬንዱላ ፎቶውን አየችው። ከሰላሳ ሰባቱ ፊልሞች ጋዜጣው የመረጠው ያንኑ ነው። ፖስተኛውን አልመረጠም፤ ሰካራሙን አጎትም አልመረጠም።

ዣኔታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ያን ቀን የልጅ ልጃቸውን ይፈልጉ ነበር አይደል? ልጅቷ ታውቅ ይሆን?»

ቬንዱላ ጋዜጣውን አጥፋ መለሰችላት። መምህሯ ገብታ ስም መጥራት ጀመረች። የቬንዱላ ተራ ሲደርስ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ረቡዕ ቀሪ ነኝ።»

«ለምን?»

እናቷ ወረቀት ጽፋላታለች፤ ኪሷ ውስጥ ነው። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ዝም ብላ መስጠት ትችላለች። ወረቀቱን ነካችው፤ እዚያው ተወችው። ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዣኔታ ቀና ብላ አየቻት።

«የአያቴ ቀብር ነው» አለች። ኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ አድርጋ ተናገረችው። «የቭራቲስላቭ ፔክሳ።»