ያልመገብነው አልጌ

የማያምነኝ ሰው እንደሚበዛ አውቃለሁ። ቢሆንም የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ባልሆነ ነገር ላይ ስሜን አላኖርም።

እናትዓለም እባላለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም ሦስተኛ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባሕር ዳር ከጣና ዳር በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ውጪው ፀሐይ ነበር።

ቤቱ የፋብሪካ መሐንዲስ የሆኑት የአቶ አምሐ ነው። እርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ስለሚወጡ፣ ቤቱን የያዙት አክስታቸው እማማ ወለተ ሩፋኤል ናቸው። መስኮት በሌለው የጓዳ ክፍል ውስጥ የባሕር ዓሣዎች የሚኖሩበት ትልቅ የመስተዋት ገንዳ አለ። እኔ የዓሣ ሀብት ትምህርቴን በአንደኝነት ጨርሼ ነበርና በየዓርቡ እንድንከባከበው ቀጠሩኝ። ከእኔ በፊት ሀዲስ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሠራው ነበር፤ ሥራውን ትቶ ወደ አንበሳሜ ሄደ ተባልሁ።

ዘዴው ቀላል ነው። ከትልቁ ገንዳ ሥር አልጌ የሚባለው አረንጓዴ የውኃ ተክል የሚበቅልበት ትንሽ ገንዳ አለ። የዓሣው ኩስና የምግቡ ትርፍራፊ በጨው ውኃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት የሚባል ማዳበሪያ ይሆናል፤ አልጌው ያንን እየተመገበ ያድጋል። በየሳምንቱ የበቀለውን አጭዶ የሚያወጣ ሰው፣ ቆሻሻውን አብሮ አወጣው ማለት ነው። አንድ ቀን ለጣና ብክለትም መላ አገኝበታለሁ እያልሁ አልም ነበር።

ሕጉ አንድ ነው... ያልገባ ነገር አይበቅልም።

በየሳምንቱ የማጭደው አራት መቶ ግራም ገደማ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ግን እማማ የዓሣዎቹን ምግብ ከለከሉ። ምግባቸው በረዶ ሆኖ የሚመጣ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ሥጋ ነው።

«ቤቱ ሁሉ ጾሞ እነዚህ ሥጋ ይቆርጣሉ?»

«እማማ፣ ዓሣ እኮ ጾም የለበትም።»

«አይ አንቺ! ተማርሁ ብለሽ ደግሞ ከጾም መፍታት ጀመርሽ? መቼ ቀሰስሽ?»

ሣቅሁና ተስማማሁ። ጥቂት ሳምንት አይገድላቸውም። አልጌው ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማየትም ጓጓሁ።

በሁለተኛው ዓርብ አጭጄ መዘንሁ።

820 ግራም።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ አንድ ኪሎ ስኳር መዘንሁበት። ልክ ነው።

በሦስተኛው ዓርብ እማማ ከቅዳሴ አልተመለሱም ነበር። ስልኬን ከነቦርሳዬ ሳሎን ተውሁ። ጫማዬን ከበሩ ሥር አውልቄ፣ ለክፍሉ የተቀመጠውን የላስቲክ ጫማ አጠለቅሁ።

እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጫማው እርጥብ ነበር...

ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ክፍል የገባ ሰው የለም።

የዚያን በር የውስጥ እጀታ ጨው በልቶ ጥሎታል። ስለዚህ በሩን እስከ ግድግዳው ገፍተን፣ ሃያ ኪሎ ጨው የያዘ ባልዲ እናስደግፈዋለን። በዚያ ቀን ጨዉን ለአዲስ ውኃ በጠበጥሁትና ባልዲውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት እኔ... ባዶ ባልዲ በር እንደማይዝ አላሰብሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የላይኛው መብራት እንደ ወትሮው በራሱ ጠፋ። የታችኛው፣ የአልጌው መብራት በራ። ክፍሉ ሐምራዊ ሆነ።

አልጌውን አጭጄ ሚዛኑ ላይ አኖርሁ። የቀረውን ልለቅም እጄን ወደ ትንሹ ገንዳ ስመልስ፣ አንድ ነገር ጣቴ ላይ ተጠመጠመ።

ክር። ጥቁር ክር...

ማተብ ነበር። ቋጠሮው አልተፈታም። ክሩም አልተበጠሰም።

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። የእኔው አለ።

ያኔ ባልዲው ተንሸራተተ።

ቀስ ብሎ... ቀጭ።

በሩ ተዘጋ።

ያ በር ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚውል፣ የውስጥ ገጹን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት። በእርሳስ ተጽፎበታል። የእኔ ጽሕፈት አይደለም።

400
410
820 አልመገብሁም
1640 አልመገብሁም

ከሥሩ አንዲት መስመር ነበረች። «ዛሬም የከፈተልኝ የለም።»

ከዚያ በታች የጥፍር ጭረት ብቻ።

ዘወር ብዬ ሚዛኑን አየሁ።

1640።

በሩን ደበደብሁ። ሦስት ጊዜ... አረፍሁ... ሁለት ጊዜ።

«እማማ! ይክፈቱልኝ!»

ከዚያ ከኋላዬ፣ ከገንዳው መስተዋት በኩል አንድ ነገር መለሰልኝ።

ሦስት... ዝም... ሁለት።

አልዞርሁም። ግንባሬን በሩ ላይ ደግፌ ዓይኔን ጨፈንሁ። የውኃው ድምፅ ወደ እግሬ እየቀረበ መጣ። ተረከዜን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር...

በሩ ተከፈተ። እማማ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ የጠበል ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ አመድ የመሰልሽው?»

ወለሉን አየሁ። ደረቅ ነው።

«እማማ...» አልሁ በሹክሹክታ፣ «ሀዲስ ሲሄድ አይተውታል?»

«ኧረ እኔስ አላየሁትም። ጫማውን እንኳ ሳይወስድ ነው የሄደው። ይኸው አንቺ የምታደርጊው።»

የላስቲክ ጫማውን ከእግሬ ወርውሬ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። የራሴን ጫማ ለማንሣት አልተመለስሁም። በዚያው ቀን ጢስ ዓባይ፣ እናቴ ቤት ገባሁ።

በሳምንቱ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሳትነግሪኝ ገባሽ? በሩን ዘግተሽ ብጠራሽ አልሰማ ስትዪኝ ነው የደወልሁት። ጫማሽ ከበሩ ሥር ነው፣ ደግሞ በምን አራስሽው? በይ ቶሎ መዝነሽ ውጪ፣ ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው።»

«እማማ... እኔ ጢስ ዓባይ ነኝ።»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

ከትንፋሻቸው ጀርባ፣ ከእንጨት በር ውስጥ...

ሦስት።

ዝም።

ሁለት።